ሚያዝያ ሲመጣ የሚመጣ ስጋት፦ የደሴ አርሰናሎችና የ2015ቱ ፍጻሜ

መጋቢት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. አርሰናል ሊድስ ዩናይትድን 4 ለ 1 ረታ። ከማንቸስተር ሲቲ በ8 ነጥብ ራቀ። ሲቲ አንድ ተስተካካይ ጨዋታ ቢኖረውም ልዩነቱ ትንሽ አልነበረም። ለአርሰናል የቀሩት 9 ጨዋታዎች ብቻ ናቸው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የሊጉን ዋንጫ ላላነሳ ክለብ ደጋፊ የጭፈራ ቀን መሆን ነበረበት። ደሴ ላይ ግን ከጭፈራው ጭንቀቱ በለጠ።

«እነዚህ ልጆች ደክመዋል» የሚለው ወሬ የተጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። እግራቸው አይደለም፤ ጭንቅላታቸው። ልብ በሉ፣ ቡድኑ 4 ለ 1 እያሸነፈ ነው ይህ የሚወራው። ከዚያ የተፈራው ደረሰ። አርሰናል ከ9 ጨዋታ 12 ነጥብ ብቻ ሰብስቦ ውድድሩን በ84 ነጥብ ጨረሰ፣ ሲቲ በ89 ዋንጫውን ወሰደ። አርሰናል ሊጉን 248 ቀን መርቷል። በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ታሪክ ይህን ያህል ቀን መርቶ ዋንጫ ያጣ ሌላ ክለብ የለም።

ታዲያ ደጋፊው ቀድሞ ያየው ነገር ነበር? ወይስ ፍርሃቱና ውጤቱ እንዲሁ ገጠሙ? ነገሩን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ቀኑንም ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ቦታው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ደሴን የሚያውቅ እንዲህ ያለውን ቤት አያጣውም። አግዳሚ ወንበሮች፣ ሁለት ስክሪን፣ በሩ ላይ ቡና የምታፈላ እናት። ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ በሩ ይዘጋና ውስጡ ይታፈናል። የቤቱ ባለቤት የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ነው፤ ስለዚህ አርሰናል ሲሸነፍ ገቢውም ደስታውም አንድ ላይ ይመጣለታል። የአርሰናሎቹን ወንበር የሚመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ባጃጅ ሹፌር ነው፣ መስታወቱ ላይ የአርሰናልን አርማ፣ መድፉን የለጠፈ። ሁለተኛው የሒሳብ መምህር ነው፣ ሁሉም «ቲቸር» የሚለው። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የሲቲ ልጅ አለ። ብዙ አይናገርም። ሲቲዎች በዚያ ዓመት መናገር አላስፈለጋቸውም።

ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ባጃጅ ሹፌሩ የ2000 ዓ.ም. የካቲትን እንደ ትናንት ያወራል። ያኔ አርሰናል ሊጉን እየመራ በርሚንግሃም ሄደ። ኤድዋርዶ እግሩ ተሰበረ፣ በመጨረሻው ደቂቃ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ አምበሉ ጋላስ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ፣ ቡድኑም ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ዓመቱን ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ግንቦት 2014 ላይ ደግሞ አራተኛው ደረጃ በእጁ ሳለ በአራት ቀን ውስጥ በቶተንሃም 3 ለ 0፣ በኒውካስል 2 ለ 0 ተሸነፈና ሻምፒዮንስ ሊጉን በ2 ነጥብ አጣ። እንዲህ ዓይነት ነገር ያየ ሰው 8 ነጥብ አያስተኛውም።

ሚያዝያው እንዲህ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሚያዝያ 1፣ የሆሳዕና እሑድ፣ ሊቨርፑል ሜዳ ላይ። የጀመረው ከምሽቱ 12፡30 ነው። ረመዳን ነበር። ከሸዋ በር የመግሪብ አዛን የሚሰማበት ሰዓት ማለት ነው። ከቤቱ ደንበኞች ግማሹ እያፈጠረ ነው። ለአርሰናል ማርቲኔሊ በ8ኛው፣ ጄሱስ በ28ኛው ደቂቃ አገቡ፤ 2 ለ 0። ያፈጠሩት ሰግደው፣ ቴምር በኪሳቸው ይዘው ሲገቡ ቤቱ በሆታ ተቀበላቸው። ብዙም ሳይቆይ ዣካ ከአሌክሳንደር አርኖልድ ጋር ተጋፋ፣ ሜዳው ጮኸ፣ ሳላህ በ42ኛው ደቂቃ አንዱን መለሰ።

«እናንተ ስትገቡ ነው የተበላሸው! ገዳችሁ ነው!» አለ ሹፌሩ።

«ወላሂ ተመልሰን እንወጣለን፣ አንተ ብቻ አሸንፍ» አለው አንዱ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ግን ሳቁ ጠፋ። ሳላህ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ ፊርሚኖ በ87ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ግብ ጠባቂያችን ራምስዴል መጨረሻ ላይ ከሳላህና ከኮናቴ ያዳናቸው ኳሶች ባይኖሩ አቻውም አይገኝም ነበር። ቲቸር ሲወጣ «አንፊልድ ላይ አንድ ነጥብ መጥፎ አይደለም» አለ። እውነቱን ነው። የዚያን ቀን ሰሚ ግን አላገኘም።

ሁለተኛው ሚያዝያ 8፣ የፋሲካ ዕለት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። ዌስትሃም ሜዳ ላይ። ክርስቲያኑ 55 ቀን ጾሞ ዶሮውን በልቶ መጥቷል። ሙስሊሙ ገና እየጾመ ነው። ወሎ ስለሆነ ይህን ማንም እንደ ትዕይንት አያየውም፤ አንዱ ጠግቦ አንዱ ተርቦ ለአንድ ቡድን ይጨነቃል። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ጄሱስና ኦዴጋርድ አገቡ። እንደገና 2 ለ 0። ቀጥሎ ፓርቴ ኳሱን በራሱ ሜዳ ክልል በዲክላን ራይስ ተነጠቀ፣ ጋብርኤል ፓኬታን ጣለው፣ ቤንራህማ በ33ኛው ደቂቃ ፍፁም ቅጣት ምቱን አገባ። ከዕረፍት መልስ ሳካ 3 ለ 1 የሚያደርግ ፍፁም ቅጣት ምት አገኘና በ52ኛው ደቂቃ ወደ ውጭ ሰደደው። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ቦዌን አገባ። 2 ለ 2።

ቤቱ ውስጥ «ጭንቅላታቸው ዛለ» የሚለው ነገር ያለቀለት እውነት የሆነው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የተጠራጠረ የለም።

ሦስተኛው ሚያዝያ 13፣ አርብ፣ የዒድ አል ፈጥር ዕለት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። በዚያ ሰሞን ክልሉ ውጥረት ላይ ስለነበር ማታ ከቤት የሚወጣው ሰው ቀንሷል። ብዙው በየቤቱ፣ በየጎረቤቱ፣ አንዳንዱም በስልክ ነው የተከታተለው። ተጋጣሚው ሳውዝሃምፕተን ነው፣ የሊጉ ግርጌ። ቦታው ደግሞ ለንደን፣ በራስ ሜዳ። ጨዋታው ተጀምሮ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ራምስዴል ኳሱን ቀጥታ ለአልካራዝ አቀበለው። ጎል። በ14ኛው ደቂቃ ዋልኮት ደገመ፤ የራሳችን ልጅ የነበረው ዋልኮት! ማርቲኔሊ አንድ ቢመልስም በ66ኛው ደቂቃ ሦስተኛው ገባ። 1 ለ 3። ከዚያ በ88ኛው ኦዴጋርድ፣ በ90ኛው ሳካ። 3 ለ 3። በጭማሪው ሰዓት አራተኛውን ለማግባት ተረባረቡ፣ አልሆነም።

አራተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ሚያዝያ 18 ሲቲ በሜዳው 4 ለ 1 አሸነፈ። ደ ብሩይን ሁለት፣ ስቶንስ አንድ፣ ሃላንድ አንድ። በዚያ ጨዋታ ሲቲ በሁሉም ነገር የተሻለ ነበር፤ ስለ አእምሮ ለማውራት ቦታ አልነበረውም። አርሰናል ያን ምሽትም በ2 ነጥብ እየመራ ነበር፣ ሲቲ ግን ሁለት ተስተካካይ ጨዋታ ነበረው። ከዚያ አርሰናሎች ቼልሲንና ኒውካስልን አሸነፉ፣ በብራይተን 3 ለ 0 ተሸነፉ፣ ግንቦት 12 ደግሞ በኖቲንግሃም ፎረስት 1 ለ 0 ተሸንፈው ዋንጫውን ለሲቲ አስረከቡ።

አሁን ወደ ምርመራው።

ቀላሉን መጀመሪያ እናንሳ። ድካሙ የእግር ነበር? አይመስልም። በዚያ የውድድር ዘመን ሲቲ በሁሉም ውድድሮች 61 ጨዋታ አድርጓል፣ ሦስት ዋንጫም ወስዷል። አርሰናል 49 ብቻ ነው የተጫወተው። መጋቢት 7 ላይ በስፖርቲንግ ሊዝበን በፍፁም ቅጣት ምት ከዩሮፓ ሊግ ስለወጣ ሚያዝያን ያለ አውሮፓ ጉዞ ነው ያሳለፈው። እርግጥ የአርሰናሉ አሠልጣኝ አርቴታ ሰው አይቀይርም ነበር። ራምስዴል፣ ጋብርኤልና ሳካ በ38ቱም የሊግ ጨዋታዎች ሜዳ ገብተዋል። የሲቲው አሠልጣኝ ጋርዲዮላ ደግሞ ሰው ያፈራርቅ ነበር። ግን ቲቸር ደብተሩ ላይ ያሰፈረውን ተመልከቱ። በአራቱ የሚያዝያ ጨዋታዎች አርሰናል ላይ 11 ጎል ገብቷል። ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ የገቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የፊርሚኖና የሃላንድ። እግር የደከመበት ቡድን መጨረሻ ላይ ነው የሚፈርሰው። ይህ ቡድን መጨረሻ ላይ ሳውዝሃምፕተን ላይ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጎል አግብቷል።

«ታዲያ እኔም እግር አላልኩም! ጭንቅላት ነው ያልኩት ቲቸር» አለ ሹፌሩ። በዚህ በኩል ትክክል ነው፤ እግርና ጭንቅላት የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ የሱን ሐሳብ በደንብ እንፈትነው።

የአእምሮ ድካም ፈጠራ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 ዌልስ ውስጥ ባንጎር ዩኒቨርሲቲ 16 ሰዎች ላይ የተሠራ ሙከራ አለ። ሰዎቹ አንድ ቀን ለ90 ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ ትኩረት የሚጨርስ ፈተና ሠሩ። ሌላ ቀን ያንኑ ያህል ጊዜ ዶክመንተሪ አዩ። ሁለቱንም ቀን ቀጥሎ ጉልበታቸው እስኪያልቅ ብስክሌት ነዱ። ከፈተናው በኋላ በአማካይ በ640 ሰከንድ አቆሙ፤ ከዶክመንተሪው በኋላ ግን 754 ሰከንድ ቆዩ። የሚገርመው ልባቸውም ጡንቻቸውም በሁለቱ ቀናት ያሳየው ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የተለየው ሥራው ምን ያህል እንደከበዳቸው የተሰማቸው ስሜት ነው። በኋላ በእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ በተሠራ ሙከራም ለ30 ደቂቃ አእምሯቸውን ካደከሟቸው በኋላ ቅብብላቸው ስህተት በዝቶበታል፣ ወደ ጎል የሚመቱት ኳስም ትክክለኛነቱ ወርዷል።

ይህን ይዘን ወደ ሚያዝያ ስንመለስ የሹፌሩ ሐሳብ ሥጋ ያገኛል። ፓርቴ በማይነጠቅበት ቦታ መነጠቁ፣ ራምስዴል ለተጋጣሚ ማቀበሉ፣ ሳካ መሳቱ፤ ሁሉም የትኩረት ስህተት ይመስላሉ። የቡድኑም ዕድሜ ትንሽ ነበር። ሳካና ማርቲኔሊ 21፣ አምበሉ ኦዴጋርድ ራሱ 24። ወር ሙሉ «ይጥሉታል፣ አይጥሉትም» እየተባለ መጫወት ቀላል አይደለም።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዘኝ። ሙከራዎቹ የለኩት ቢበዛ የአንድ ሰዓት ተኩል ድካም ነው፣ የስምንት ወር አይደለም። ከፈተና ወጥቶ ብስክሌት መንዳትና ከነሐሴ እስከ ሚያዝያ መሪ ሆኖ መቆየት አንድ አይደሉም። ደግሞም ሰው በአንድ ሌሊት ተኝቶ የሚያገግመው ድካም አለ። ስለዚህ «ሳይንሱም አረጋግጧል» ብሎ መዝጋት አይቻልም። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አልጠፋም፤ ስልክ አውጥቶ ያነበበው ርዕስ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው የያዘኝ ነገር ይበልጣል። የካቲት 25 ላይ ቦርንማውዝ ለንደን ሄዶ ነበር። ጨዋታው በተጀመረ በ9ኛው ሰከንድ አገባ። ዘጠኝ ሰከንድ! ቀጥሎ 2 ለ 0 አደረገ። አርሰናል ሁለቱን መልሶ በጭማሪው ሰዓት፣ በ97ኛው ደቂቃ በኔልሰን ጎል 3 ለ 2 አሸነፈ። የዚያን ቀን ደሴ ላይ «ደከሙ» ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም። «ልብ አላቸው፣ ዘንድሮ የኛ ነው» ነው የተባለው።

የካቲቱንና የዒዱን ጨዋታ አጠገብ ለአጠገብ አድርጓቸው። ሁለቱም በራስ ሜዳ ናቸው። በሁለቱም ተጋጣሚው የግርጌ ቡድን ነው። በሁለቱም ጨዋታው ሳይሞቅ ጎል ገባ። በሁለቱም በሁለት ጎል ተመሩ፣ በሁለቱም እስከ መጨረሻ ታግለው መለሱ። ልዩነቱ አንድ ጎል ነው። በአንዱ የመጨረሻዋ ኳስ ገባች፣ በሌላው አልገባችም። ለአንዱ «ጀግንነት»፣ ለሌላው «የአእምሮ ድካም» አልን። እንግዲህ ምርመራው ከምልክቱ ሳይሆን ከውጤቱ የመጣ ነው ማለት ነው። ይህንን ለሹፌሩ ነግሬዋለሁ። «የካቲት የካቲት ነው፣ ሚያዝያ ሚያዝያ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት፤ መልስም አልነበረም።

ሊያስኬድ የሚችለው ማስረጃ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ቤቱም ውስጥ ተነስቶ ነበር፤ ግን ስለማይማርክ ማንም አልያዘው። ስፖርቲንግ ያሸነፈበት ምሽት አርሰናል ውድድሩን ብቻ አልነበረም ያጣው። ተከላካዮቹ ሳሊባና ቶሚያሱ ሁለቱም በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድተው ወጡ። ሳሊባ ከዚያ በኋላ በዚያ ዓመት አልተመለሰም። በሱ ቦታ ሆልዲንግ ገባ። ሳሊባ በተጫወተባቸው 27 የሊግ ጨዋታዎች አርሰናል ላይ 25 ጎል ገብቷል። እሱ በሌለባቸው 11 ጨዋታዎች 18። ቲቸር አካፍሎ አሳየን፤ በጨዋታ ከአንድ በታች የነበረው ወደ አንድ ተኩል አልፎ ሄደ።

ቡና የምታፈላው እናት ከበሩ ሆና ይህን ትሰማለች። ለኳስ ግድ የላትም፤ ለክርክሩ ግን ጆሮ አላት። «አቦሉ የወፈረ ቡና በረካ ላይ ይቀጥናል» አለች። «ጀበናው ደከመ ይባላል እንዴ? ውሃ ተጨምሮበት ነው እንጂ።» ከሰማኋቸው ሁሉ አጭሩ ትንታኔ ይህ ነበር። ቲቸር «እትዬ፣ አሠልጣኝ መሆን ነበረብሽ» አላት።

ተከላካይ ሲቀየር የሚቀየረው ያ ቦታ ብቻ እንዳልሆነ መጨመር አለብኝ። ሳሊባ ፈጣን ስለሆነ ቡድኑ መስመሩን ወደ ፊት ገፍቶ ይጫወት ነበር። ጀርባው ላይ ቦታ ቢከፈትም እሱ ይደርሳል። ሆልዲንግ ያን ፍጥነት የለውም። ስለዚህ መስመሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። መሀል ሜዳው ይሰፋል። ፓርቴ ቀድሞ በአጭር ርቀት ይሸፍነው የነበረውን አሁን በረጅም ርቀት ይሸፍናል፣ ራምስዴልም ኳስ የሚያቀብለው ሰው ይራቅበታል። ከውጭ ሲታይ የፓርቴ ትኩረት የጠፋ ይመስላል። አእምሮም በእርግጥ ሊዝል ይችላል፤ በየደቂቃው ቀድሞ የማያስብበትን ነገር እያሰበ ነው። እኔ የምቀበለው የአእምሮ ድካም ይህ ነው። መነሻው ሚያዝያ ሳይሆን መጋቢት 7 ነው፣ ምክንያቱም ፍርሃት ሳይሆን የአንድ ሰው የጀርባ ጉዳት።

ስለ ሲቲ ደግሞ ማንም ማውራት አይፈልግም ነበር። ቲቸር አንድ ቀን «ሦስቱን አቻዎች ብቻ ብናሸንፍ 90 ነበርን፣ እነሱ 89» ብሎ አስልቶ መጣ። ቤቱ ሊያለቅስ ደረሰ። የሲቲው ልጅ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የከፈተው። «ቲቸር፣ እኛኮ ዋንጫውን ካረጋገጥን በኋላ ነው 5 ነጥብ የጣልነው።» እውነት ነው። ሲቲ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በተከታታይ 12 የሊግ ጨዋታዎችን አሸንፏል። ከብራይተን አቻ የወጣውና በብሬንትፎርድ የተሸነፈው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የግድ ቢሆንበት 94 ሊደርስ ይችል ነበር። ቲቸር ደብተሩን ዘጋ። እንዲህ የሚሮጥ ተፎካካሪ ፊት ለፊትህ ካለ ሦስት አቻ ራሱ ውድቀት ይመስላል። በሌላ ዓመት ቢሆን «ጥቂት ነጥብ ጣሉ» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ደክሞት የነበረው ማን እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ፣ መጀመሪያ ደጋፊው ነው የምለው። ይህን ለማሾፍ አይደለም። ከዌስትሃሙ ጨዋታ በኋላ ሹፌሩ ማየት አቆመ። ጨዋታ ሲኖር ሥራ ይዞ ወደ ቧንቧ ውሃ፣ ወደ ሆጤ ይመላለሳል፤ ውጤቱን ከቴሌግራም ያያል፣ ከዚያ ስልኩን ያጠፋል፣ ከዚያ ይከፍተዋል። ሌላው ወንበር አይቀይርም ነበር፤ 4 ለ 1 ያሸነፍንበት ቦታ ብሎ። አንዱ ማሊያውን ማጠብ ተወ። «አብሽሩ» የሚል ሰው ሲመጣ ይቆጡታል። ቡድኑ 2 ለ 0 ሲመራ እንኳ ደስ ያለው ፊት አይታይም፤ ሁሉም የሚጠብቀው የሚገባብንን ነው። የሚገርመው ከቤቱ ሰዎች አብዛኛው የሚያዝያን መጨረሻ ጨዋታዎች ሙሉውን አላዩም። በስልክ የደረሳቸው ደቂቃና ጎል ነው። ደቂቃና ጎል ብቻ ካየህ የ3 ለ 3ቱ ግብግብ አይታይህም። የሚታይህ «አሁንም ነጥብ ጣሉ» የሚለው ነው።

ፍርሃቱ ከደሴ ለንደን ደርሶ ሳካን አላሳተውም፤ ያን ያህል አንመካም። ግን ነገሩን የምናይበትን ዓይን ቀይሮታል።

የሹፌሩን ሐሳብ በእርግጥ የሚፈትነው የሚቀጥለው ዓመት ነበር። የድካሙ ምክንያት የቡድኑ ባሕርይ ከሆነ ተመልሶ መምጣት አለበት። በ2016 ሳሊባ 38ቱንም የሊግ ጨዋታ አንዲት ደቂቃ ሳያጎድል ተጫወተ። ያ ፓርቴን የነጠቀው ራይስም ወደ አርሰናል መጣ። በዓመቱ ቡድኑ ላይ 29 ጎል ብቻ ገባ፤ ያለፈው ዓመት 43 ነበር። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ካደረጓቸው 18 የሊግ ጨዋታዎች 16ቱን አሸነፉ፣ ከሲቲ አንድ አቻ ወጡ፣ አንድ ተሸነፉ። እነዚያው ልጆች ናቸው፣ ያው አሠልጣኝ፣ ያው ጫና። ያም ሆኖ ሲቲ በ91 ለ 89 ቀደማቸው።

ያ አንድ ሽንፈት ግን ሚያዝያ 6 ላይ ነው የመጣው፣ በራስ ሜዳ በአስቶን ቪላ 2 ለ 0። ጎሎቹ በ84ኛውና በ87ኛው ደቂቃ ገቡ። ጨዋታው ያረፈው ከባየርን ሙኒክ ጋር በነበሩት ሁለት የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታዎች መሀል ነበር። ሹፌሩ በማግስቱ ባጃጁን ቤቱ በር ላይ አቁሞ ገባ። «አላልኩም?» አለ። የሲቲው ልጅ ሳቀ። ቲቸር ደብተሩን አወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ ሙኒክ ላይም 1 ለ 0 ተሸንፈው ወጡ፣ ቤቱም «ይኸው ሚያዝያ» አለ። ከዚያ አርሰናል የቀሩትን ስድስት የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ፣ ቼልሲን 5 ለ 0 ጨምሮ።

በቪላው ጨዋታ ላይ ሹፌሩ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ጎሎቹ የመጡት መጨረሻ ላይ ነው፣ ጨዋታዎቹም ተደራርበው ነበር፤ ድካም የሚታየው እንደዚህ ነው። በ2015ቱ ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። እሱ አሁንም ዌስትሃምን ይጠቅሳል፣ እኔም መጋቢት 7ን።